የማኅበሩ ልጅ

ፋና የሞተችው በኅዳር፣ ቡና ቀልቶ ሰው ሁሉ ለቀማ በወረደበት ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ቀን ቀን ባዶዋን ትውላለች። ለቀብሯ ግን ሰው አልጎደለም። የእድሩ ጡሩምባ በማለዳ ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ከአማንም ከሸዋ ቤንችም የመጣ ለቀስተኛ የማርያም ቤተ ክርስቲያንን ግቢ ሞላው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ደጓ፣ እጀ ሰፊዋ፣ የሰው ሰው» እያሉ አለቀሱላት። ከእነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የፋናን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም ነበር።

ምክንያቱን ከተማው ያውቀዋል፤ ስሙን ግን ማንም አይጠራውም። ባሏ ሚካኤል ከቴፒ ጅማ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ከሳ፣ ሳል ጣለው፣ ሞተ። «ሳንባ ነው» ተባለ። ፋና ገና ጥቁሯን ሳታወልቅ ግንባሯ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት። ያኔ «ሳንባ» የሚለው ቀረና ሰው እርስ በርሱ «ያው ነው» መባባል ጀመረ። ፋና ዳቦ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ናት። በጠዋት በሯ ላይ ይጋፋ የነበረው ደንበኛ መንገድ ቀየረ። አንዱ «ልጆቹ ዳቦ ሰለቻቸው» ይላታል፤ ሌላው አይቷት እንዳላየ ያልፋል። ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት መጣ የሚባለው አዲስ አበባ ነበር፤ እሱም አቅም ላለው። ዘመኑ 1995 ዓመተ ምሕረት ነው። መድኃኒቱ ለድሃውም በነፃ ሲታደል ፋና አፈር ከለበሰች ቆይታለች።

ፋናና ባሏ የማርያም ማኅበርተኞች ነበሩ። ማኅበሩን ያቋቋሙት ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ በሥራና በኑሮ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። እናት አባታቸው ሩቅ፣ መቃብራቸው ሩቅ ስለሆነ ማኅበሩ ዘመድ ሆኗቸዋል። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የወለደች ያርሳሉ፣ በየወሩ ጽዋ እያዞሩ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። መሪያቸውን ሙሴ ይሉታል። በዚያ ዘመን ሙሴው መምህር ጥበቡ ነበር።

ጥበቡ ጠብ አይወድም። ሁለት ሰው ከተኳረፈ እሱ እንቅልፍ ያጣል። «ክርስትና ለብቻ አይያዝም፤ ሰው ብቻውን አይጸድቅም» ማለት ያዘወትር ነበር። ነገር ሲከር «ሁላችንም እስክንስማማ እንቆይ» ይላል፤ ይቆያልም። በዚህ ትዕግሥቱ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቋል፤ በድንበር የተጣሉ ጎረቤቶችን አንድ መሶብ አስቀርቧል። ሰው ይወደዋል፤ እሱም መወደዱን ይወዳል።

የጽዋው ተራ ፋና ጋ ሲደርስ የቡና ነጋዴው ፈንታው፣ «እኔ ከእሷ ቤት ከአንድ ጽዋ አልቀምስም» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጥበቡ ማንም እንዳይከፋው አንድ ዘዴ አመጣ፤ ሁሉም የየራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ፣ ለጤና ነው ይባል። ፋና በዚያች ቀን ጠላዋን ጠምቃ፣ ዳቦዋን ደፍታ፣ ቄጠማዋን ጎዝጉዛ ስትጠብቅ ማኅበርተኞቹ ገብተው ከነጠላቸው ሥር የፕላስቲክ ኩባያ እያወጡ ተቀመጡ። አየቻቸው። ማሰሮዋን አንሥታ ቀዳችላቸው። ዳቦውን ግን ማንም አልቆረሰም። ሊሄዱ ሲነሡ ጥበቡን በር ላይ ያዘችውና፣

«ጋሼ፣ ብትቀሩ ይሻለኝ ነበር» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን አልረገጠችም።

በሽታው አልጋ ላይ ሲጥላት ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ልብሷን የለወጠችላት ጎረቤቷ ዘይቱ ናት። ዘይቱ ከጅማ አካባቢ የመጣች ሙስሊም ስትሆን ባሏ አባፎጊ እዚያው መንደር ጨውና ሳሙና፣ ላምባና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ፋና ሥጋ በገባበት ዕቃ የተሠራ እንዳትበላ ብላ ዘይቱ ለእሷ ብቻ ሌላ ድስት ገዝታ ነበር። በጾም ቀን ፋና ተሳስታ ወተት ብትጠይቃት እንኳ፣ «ዛሬ ዓርብ ነው እኮ እህቴ» ብላ ታስታውሳታለች።

ጥበቡ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቃት የፋና ድምፅ በጭንቅ ነበር የሚወጣው። ልጇን ዲቦራን እያየች፣

«ጋሼ፣ እኔ ዘመድ የለኝም» አለችው። «እሷ የማኅበሩ ልጅ ናት። ለማኅበሩ ሰጥቻታለሁ።»

«በማርያም ስም፣ አይዞሽ» አላት። ከልቡ ነው ያላት።

ከቀብሩ በኋላ ማኅበሩ ፈንታው ቤት ተሰበሰበ። ዲቦራ ያን ጊዜ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ስትናገር ቃሏን የምትመርጥ ልጅ። እናቷ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ከዘይቱ ልጅ ከላምያ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ትተኛለች።

«እስላም ቤት ነው የምታድረው?» አለ ፈንታው። «የማርያም ማኅበር ልጅ እስላም ቤት አደገች ሲባል ጆሯችን ሊሰማው ነው?»

«ሰው ምን ይለናል?» አለ ገሠሠ የሚባለው ማኅበርተኛ። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። «ነገ ስሟንም ሃይማኖቷንም ቢለውጡ ተጠያቂው ማነው?»

«እሺ፣ ማን ይውሰዳት?» አለ ጥበቡ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰው ሁሉ ወደ ጥበቡ ሚስት፣ ወደ እማዋይሽ ዞረ። ዲቦራን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። በሕፃንነቷ አቅፋ ቤተ ክርስቲያን ያስገባቻት፣ «ወለተማርያም» ተብላ ስትጠመቅ የተቀበለቻት እሷ ናት።

የንስሐ አባታቸው ቄስ ባየ በለሆሳስ፣ «እማዋይሽ፣ ክርስትና ማንሣት ቃል ኪዳን ነው» አሏት።

«አባቴ፣ ቃል ኪዳኑን አልካድኩም። ፈራሁ እንጂ» አለች እማዋይሽ፤ እንባዋ መጣ። «ልጄ ማናልሞሽ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከቴፒ መጥታ እኔ ጋ ልትወልድ ነው። ያ በሽታ ልጅቷን ይዟት ከሆነስ?»

ጥበቡ በማግሥቱ ዲቦራን ይዞ አማን ወረደና አስመረመራት። ነፃ ናት ተባለ። ደስ ብሎት ወደ ማኅበሩ ተመለሰ። ፈንታው ግን ራሱን ነቀነቀ። «መሣሪያም ይሳሳታል። ደግሞስ ተደብቆ ይቆያል ይባል የለ?» አለ። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። ማንም «አልወስድም» አላለም፤ ማንም «እወስዳለሁ» አላለም። ያኔ ጥበቡ፣

«እንግዲያው በተራ እናሳድጋት» አለ። «ወር አንዱ ጋ፣ ወር ሌላው ጋ። ሸክሙ በማንም ላይ አይከብድም። የሁላችንም ልጅ ትሆናለች።»

ቤቱ ውስጥ እፎይታ ሆነ። በልጅቷ ነገር ከተነጋገሩ ወዲህ ሁሉም የተስማሙበት የመጀመሪያው ሐሳብ ይኸ ነበርና ጥበቡም ቀለል አለው። ቄስ ባየ ጸሎት አድርገው አሳረጉ።

ጥበቡ ዲቦራን ሊወስዳት ሲሄድ ዘይቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ጋሽ ጥበቡ፣ ልጅ ቤት ለቤት ይዞራል እንዴ?»

«ለወር ለወር ነው፣ ዘይቱ። ሁላችንም እንድናሳድጋት ነው።»

«እኔ እንድትሰልም አልፈልግም። ወላሂ አልፈልግም። እሁድ እሁድ እኔ ራሴ ነጠላዋን አልብሼ እቤተ ክርስቲያናችሁ በር ድረስ አደርሳታለሁ። ፋና እጄ ላይ ነው የሞተችው። ተዋት።»

«አንቺን ጠርጥረን እንዳይመስልሽ። ማኅበሩ ተስማማ።»

ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብታ የልጅቷን ልብስ በፌስታል አድርጋ አመጣች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ተራው የፈንታውና የገሠሠ ሆነ። ፈንታው ሰፊ ቤት አለው፤ ዲቦራ ግን የምትተኛው ከጓሮ ባለው የቡና መጋዘን ነው፣ ጆንያ ላይ። ሳህኗ ከሌላው እንዳይቀላቀል ጠርዙ በምስማር ተበሳ። አይመቷትም፣ አይሰድቧትም፣ አያስርቧትም። ምግቧን ግን ደጃፍ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዳሉ። ገሠሠ ቤት ደግሞ ልጆቹ ከእሷ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ እንዳይቀመጡ ተነገራቸው። እንደ ሐሳቡ ወር መሙላት ነበረበት፤ ወሩ ግን ሳይሞላ አንዱ እንግዳ መጣብኝ ብሎ፣ ሌላው ለቅሶ ልሄድ ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ይሰዳታል። ልጅቷ ፌስታሏን ራሷ አስራ ራሷ ተሸክማ መሄድ ለመደች።

ጥበቡ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ያያታል። ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጠርቷት፣

«እንዴት ነሽ፣ ልጄ? እንዴት ይዘውሻል?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።» ከዚያ፣ «ቀጥሎ የማን ተራ ነው?» አለችው። ቀድማ ማወቅ ትፈልግ ነበር።

ቀጥሎ የቄስ ባየ ተራ ነበር። ቄስ ባየ ድሃ ናቸው፤ ቤታቸው በልጅ ተጨናንቋል። ሚስታቸው ወለተሥላሴ ግን ዲቦራን እንደመጣች ጭንቅላቷን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ሹሩባ ሠራችላት። ከልጆቿ ጋር ከአንድ ትሪ አበላቻት። በዐቢይ ጾም ነበር፤ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር እያሰለፈች ውዳሴ ማርያም ታስጠናት ጀመር። ዲቦራ መሳቅ ቻለች። ወሩ ሲያልቅ ወለተሥላሴ ጥበቡ ዘንድ መጣችና፣

«ልጅቷ ከእኔ አትሂድ» አለችው። «ከልጆቼ ጋር ገጥማለች። የበላነውን ትበላለች። አታዙሩብኝ።»

ጥበቡ ሲያስብ አደረ። ልጅቷ እዚያ እንደምትደላደል ያውቃል። ነገር ግን ቄስ ባየ ካስቀሯት ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ፤ የተገባው ቃል ይፈርሳል፤ የሁሉም የነበረው የአንድ ድሃ ቄስ ሸክም ይሆናል። ሰዉ ከዚህ ሸክም ቀስ በቀስ ፍቅር ይማራል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። በማግሥቱ ወለተሥላሴን፣ «እመቤቴ፣ አንቺ ብቻሽን ጽድቁን አትውሰጅብን፤ ሁሉም ይድረሰው» አላት፤ ፈገግ ብሎ። እሷ ፈገግ አላለችም። ዲቦራ ከዚያ ቤት ስትወጣ የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች። እናቷ ስትቀበር እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም ነበር።

ተራው በመጨረሻ ጥበቡ ቤት ደረሰ። እማዋይሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷን ከሩቅ ታያት ነበር። እያደር ግን ልቧ ለስለስ አለ። አንድ ቀን ዲቦራ ጎደሬ ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «ክርስትና ስትነሺ አንገቴን ይዘሽ አልለቅም ብለሽ ነበር» አለቻት። ልጅቷ ቀና ብላ፣ «እኔ?» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ጥበቡ ይህን ከጓዳ ሰምቶ በልቡ እግዚአብሔርን አመሰገነ።

ማናልሞሽ ከቴፒ መጣች፣ በሰላም ወንድ ልጅ ወለደች። በአራስነቷ ሰሞን ሕፃኑ አለቀሰና ማንም አጠገቡ ስላልነበረ ዲቦራ አንሥታ እሹሩሩ አለችው። ማናልሞሽ ከጓሮ ስትመለስ ልጇን ዲቦራ እቅፍ ውስጥ አየች። ጩኸቷ ጎረቤት አስወጣ።

«ልጄን! ልጄን አስነካችሁብኝ! እማዬ፣ ልትገድዪኝ ነው?»

ሕፃኑን ነጥቃ ፊቱን በአልኮል ጠረገችው። ዲቦራ ግድግዳው ሥር እጆቿን ወደኋላዋ አድርጋ ቆመች።

«ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ አሁኑኑ ቴፒ እመለሳለሁ» አለች ማናልሞሽ።

እማዋይሽ ወደ ባሏ ዞረች። «ለጊዜው ነው፣ ጥበቡ። አራሷ እስክትጠነክር ብቻ። ቀጣዩ ተረኛ ቀደም አድርጎ ይቀበላት።»

ጥበቡ ማናልሞሽን አየ፣ ሚስቱን አየ። ቤቱ ውስጥ ጠብ ሊገባ ነው። «እሺ፣ ለጊዜው» አለ። ዙሩ ተመልሶ ለገሠሠ ደርሶ ነበርና ወደ እሱ ቤት በሰው መልእክት ላከ። ጥበቡ ራሱ ተማሪዎች ሊፈትን መሄድ ነበረበት። ለዲቦራ፣ «ገሠሠ ቤት ሂጂ፤ ይጠብቁሻል» አላት።

መልእክቱ አልደረሰም። ገሠሠና ቤተሰቡ ሸዋ ቤንች ወዳለው መሬታቸው ወርደው ነበር፤ በሩ ተቆልፏል። ዲቦራ ወደ እማዋይሽ መመለስ አልደፈረችም። ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዝናቡ ጀመረ፤ የሚዛን ዝናብ ሲጀምር የሚያቆም አይመስልም። ዘይቱ ከገበያ ስትመለስ ነው ያገኘቻት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ዘይቱ ማንንም ሳትጠይቅ በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ልጅቷ ትኩሳት ያዛት፤ ላምያ አጠገቧ ቁጭ ብላ ሻይ አጠጣቻት።

ወሬው ግን ከትኩሳቱ ፈጠነ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፈንታው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ሰብስቦ፣ «ልጃችንን ወሰዱብን» አለ። ከማኅበርተኞቹ አንዱም፣ «ዝናብ ላይ ማን ጣላት?» ብሎ አልጠየቀም። ጥበቡም እዚያ ነበር። አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ብዙ ሰው መቆጣቱን አይቶ፣ ነገሩ እስኪበርድ ልቆይ ብሎ ዝም አለ። በዚያው ሳምንት በአባፎጊ ሱቅ ላይ ድንጋይ ተወረወረ።

አባፎጊ የዲቦራን እጅ ይዞ ጥበቡ ቤት መጣ። በዕድሜ የገፋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ጋሽ ጥበቡ፣ አንተና እኔ እዚህ አገር ፀጉራችን አብሮ ነው የሸበተው» አለ። «በሠርጋችሁ ለእኛ ለብቻ ታርዶልን በልተናል፤ በዒዳችን መጥታችሁ መርቃችኋል። በአንድ ልጅ ምክንያት ሰው ሲባላ ማየት አልፈልግም። ዘይቱ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። ልጃችሁን ውሰዱ።»

«አባፎጊ፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም።» ይህን ብሎ ሄደ።

ዲቦራ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች። ገና አልዳነችም፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ከውስጥ የሕፃኑ ድምፅ ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

«ጋሼ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?» አለችው።

ጥበቡ ያን ሌሊት ወለተሥላሴ ዘንድ አሳደራት። ማኅበሩ ግን በማግሥቱ መፍትሔ አገኘ። ፈንታው ከነጋዴዎች ጠይቆ የሟቹ ሚካኤል ወንድም ማጂ እንደሚኖር ደርሶበት ነበር፤ ካሣዬ ይባላል። «ደም ነው፤ ክርስቲያን ነው። ከእኛ የበለጠ መብት አለው» አለ። ሁሉም ተስማማ። ወለተሥላሴ ብቻ፣ «የማታውቁት ሰው ጋ?» ብላ ጮኸች። ቄስ ባየ፣ «ማኅበሩ ከወሰነ…» አሉና አላስጨረሷትም።

በግንቦት መጀመሪያ ዲቦራን ማጂ በሚሄድ አይሱዙ ላይ አሳፈሯት፤ ለካሣዬ እንዲያስረክባትም ሹፌሩን አደራ አሉት። ማኅበርተኞቹ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ስንቅ ይዘው ሊሸኟት መጡ። ማንም አልቀረም። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ቄስ ባየ በመስቀል ባረኳት። ዘይቱና ላምያ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር፤ መኪናው ሲነሣ ላምያ ጥቂት ሮጣ ቆመች። ዲቦራ እጇን አላወዛወዘችም። ከጋቢናው መስኮት ፊት ለፊቷን ብቻ ታይ ነበር።

ክረምቱ ገባ። የማጂ መንገድ በጭቃ ተዘጋ፤ ወሬ የሚያመጣም ጠፋ። ጥበቡ ምግብ አልበላ አለው። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ክፍል ገብቶ ስም ሲጠራ በልማድ «ዲቦራ ሚካኤል» ይላል፤ ልጆቹ ዝም ይላሉ። ላምያም ከኋላ ወንበር ሆና ታየዋለች።

ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን ጥበቡ ሚስቱን፣ «ማጂ ልሄድ ነው። አመጣታለሁ» አላት። «ማኅበሩን አልጠይቅም። አንቺንም አልጠይቅሽም።»

በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ብሏት አያውቅም። እማዋይሽ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች።

«አምጣት» አለች። «ማናልሞሽም ሄዳለች። አምጣትና እግሯ ላይ ልውደቅ።»

ጥበቡ በመኪናም በእግርም ሆኖ ማጂ ደረሰ። ካሣዬን ለማግኘት አልተቸገረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጎጆ የሚኖር፣ ከወንድሙ የማይመሳሰል፣ የደከመው ሰው ነው። ጥበቡ ማን እንደሆነ ሲነግረው ካሣዬ መሬት መሬት አየ።

«የለችም» አለ።

«ሞተች?»

«አልሞተችም። ሰጠኋት።» ግንባሩን ጠረገ። «ክረምቱ ከባድ ነበር፣ ጌታዬ። ልጆቼም የሚበሉት አጡ። አንዲት ሴት በጭነት መኪና ስታልፍ እዚህ ውሃ ጠየቀች። ልጅቷን አይታ፣ ‹አሳድጋታለሁ፣ አስተምራታለሁ› አለችኝ። ደህና ለባሽ ናት። ሰጠኋት።»

«ወዴት ነው የወሰደቻት?»

«ጅማ ያለችኝ ይመስለኛል። ወይም አዲስ አበባ።»

«ስሟስ?»

«አልጠየቅኋትም።»

በሕይወቱ በማንም ላይ ጮኾ የማያውቀው ሰው ጮኸ። «ስሟን ለማታውቃት ሴት እንዴት ልጅ ትሰጣለህ?»

ካሣዬ ቀና ብሎ አየው። አልተቆጣም። «እናንተስ?» አለ። «እኔን ታውቁኝ ነበር?»

ጥበቡ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የካሣዬ ሚስት ውሃ አመጣችለት። «ስትሄድ ምን አለች?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም» አለች ሴትዮዋ። «ልብሷን ራሷ አሰረች። እኔማ ታለቅሳለች ብዬ ነበር።»

ጥበቡ ወደ ጅማ ወጣ። በመናኸሪያው፣ በፖሊስ ጣቢያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠየቀ። ዓይነ ትልቅ፣ ቀጭን ልጅ ያላየ ማን አለ? እንዲህ ያለች ልጅ በየቤቱ ውሃ ትቀዳለች፣ በየቤቱ ትጠርጋለች። ስሟም ተለውጦ ይሆናል። በእጁ ያለው ሲያልቅ ተመለሰ።

ከተማ እንደገባ ከቤቱ በፊት ዘይቱ ዘንድ ሄደ። በጥሩ ሁኔታ ሊነግራት ፈልጎ ቃል አጣና እንዳለ ነገራት። ዘይቱ አጥሩን ይዛ ሰማችው።

«እኔ ጋ ብትተዋት ምን ትሆን ነበር?» አለችው።

«ከሃይማኖቷ እንዳትለይ ብለን ነው፣ ዘይቱ።»

«አሁን ከማን ጋር ናት?»

ዘይቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ገባች፤ ከውስጥ ለላምያ በኦሮምኛ ስትነግራት፣ ከዚያም ልጅቷ ስታለቅስ ተሰማው።

እማዋይሽ ብቻውን ሲገባ አየችው። ለዲቦራ ያነጠፈችውን አልጋ አላነሣችም፤ ዛሬም እንደተነጠፈ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ አልተጣሉም፣ አልተወቃቀሱም። አንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት እንግዳ ሆነው ይኖራሉ።

ማኅበሩ አልፈረሰም። ጥበቡ ሙሴነቱን ሲተው ፈንታው ተመረጠ። ማኅበርተኛው በዛ፣ አዳራሽ ተሠራ፣ የራሱ ድንኳንና ወንበር ኖረው። ዓመታዊ ዝክሩን ሲያወጣ ከቴፒ ድረስ እንግዳ ይጠራል። ፈንታው ተነሥቶ፣ «በእኛ ማኅበር ወድቆ የቀረ የለም» ሲል ሰው ያጨበጭባል። ውሸት እየተናገረ አይመስለውም፤ ረስቶታል። ወለተሥላሴ ብቻ በዚያ ሰዓት ትወጣለች።

ጥበቡ እሁድ እሁድ ይሄዳል፤ ግን ከቅጥሩ አይገባም። ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። አንድ እሁድ ቄስ ባየ አይተውት ወጡ። እሳቸውም አርጅተዋል።

«ልጄ፣ ግባ እንጂ» አሉት። «እግዚአብሔር መሐሪ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባቴ» አለ ጥበቡ። «ከዚህም ይሰማል።»

ቄስ ባየ ጥቂት አብረውት ቆሙ፤ ከዚያ ተመለሱ። ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ፣ «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ልጆቹስ?» እየተባባለ ሲወጣ ጥበቡ ወደ አማን የሚወስደውን ቁልቁለት ብቻውን ይወርዳል።